የድንጋይ ካባውን ክፈቱልን፦ ለማዕድን ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለማዕድን ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የማዕድን ምህንድስና ተማሪዎችን የተግባር ትምህርት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ተወልጄ ያደግሁ፣ የማዕድን ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። አስተማሪዎቻችን ባላቸው ነገር ተጣጥረው ያስተምሩናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። አራት ዓመት ስለ ማዕድን ማውጫ ተምሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም።

ዲፓርትመንት ስመርጥ እናቴ «ወርቅ ልትቆፍሪ ነው?» ብላኝ ነበር። እኔም ከዚያ የተሻለ የማውቀው አልነበረኝም። መሠረታዊ ኮርሶቹን ስጀምር ግን ዓይኔ ተገለጠ። ከመቆፈሩ በፊት ሒሳቡ ይመጣል። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 2 ግራም ወርቅ ብቻ ቢኖርም ሥራው ሊያዋጣ ይችላል። እዚያ ለመድረስ ግን ከላይ የተጫነውን ባዶ ድንጋይ፣ የሚያዋጣ ወርቅ የሌለበትን፣ ማንሳት ግድ ነው። ለአንድ ቶን ማዕድን ስንት ቶን ባዶ ድንጋይ ይነሳል? ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው። የወርቅ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ትናንት አያዋጣም ተብሎ የተጣለው ድንጋይ ዛሬ ማዕድን ይባላል። ይህን የሰማሁ ቀን ትምህርቱን ወደድኩት።

ጉድጓዱ በደረጃ ነው የሚቆፈረው። ገበሬ ተዳፋት መሬቱ ላይ እርከን እንደሚሠራው ማለት ነው። ግድግዳውን በጣም ካቆምከው ይናዳል። በጣም ካስተኛኸው የምታነሳው ባዶ ድንጋይ ይበዛና ትከስራለህ። የማዕድን መሐንዲስ እንጀራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ይህ ሁሉ ግን ለእኛ ሀንድአውት ላይ ያለ ሥዕል ነው።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስመጣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ካባ፣ የግንባታ ድንጋይ ወደሚወጣበት ቦታ፣ ሄድኩ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ባልጩቱም፣ ለብሎኬት የሚገባው ቀላሉ ድንጋይ፣ ፑሚስ የምንለውም፣ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ልጆች ሆነን ያን ድንጋይ ውኃ ላይ እያንሳፈፍን እንጫወትበት ነበር።

ሰዎቹ የሚቆፍሩት ከሥር ነው። ሥሩን ሲቦረቡሩት ከላይ ያለው በራሱ ክብደት ይወርድላቸዋል። ጉልበት ይቆጥባል። ግን ከጭንቅላታቸው በላይ የተንጠለጠለውን ግድግዳ ሳይ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። እኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ ፈጽሞ አይቆፈርም ተብለን ነው የተማርነው። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሠራተኛ ጋር ቀረብ ብዬ «ጋሼ፣ ከላይ ጀምሮ በእርከን መውረድ አይሻልም?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ማን አሳየን?» አሉኝ።

ቀጥለው እሳቸው ጠየቁኝ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ስንት ቀን ቆይተን ብንገባ ይሻላል? ውኃ የግድግዳውን ክብደት እንደሚጨምርና ጥንካሬውን እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ለዚያ ግድግዳ፣ ለዚያ ድንጋይ ግን መልስ አልነበረኝም። አፈሩን ለክቼው አላውቅማ! እሳቸው ደግሞ «አናቱ ላይ ስንጥቅ ካየን፣ ጠጠር መንጠባጠብ ከጀመረ እንሸሻለን» አሉኝ። እኛ የመናድ ምልክቶች ብለን የሸመደድነው ይኸው ነው። እሳቸው በዓይናቸው ያውቁታል፤ እኔ በቃል።

አሁን የኢንተርንሺፕ ጊዜያችን ደርሷል። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሦስት ቦታ ዞርኩ። አንዱ «ለደህንነትሽ ኃላፊነት አንወስድም» አለኝ። ሌላው በኋላ እንደውላለን ብሎ ቀረ። ሦስተኛው ሥራው ለሴት አይሆንም አለኝ። ይህን ሰምቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ከእኛ የቀደሙ ጓደኞቼ ልምምዱን ቢሮ ተቀምጠው ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ነው የጨረሱት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለብን። 50 በመቶ ካመጣን እናልፋለን። ግድግዳ ሊናድ መሆኑን ለይቶ ሰው ማስወጣትን ግን የወረቀት ፈተና አይለካውም።

ሌላም አለ። ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት ብዙ ጊዜ ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ይገባል። የሚተርፈው ዝቃጭ ግድብ ተሠርቶለት ይታጠራል። በ2010 ዓ.ም. የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ አካባቢ ነዋሪዎች ጤናችን ተጎዳ ብለው አደባባይ ወጥተው፣ የማዕድን ማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር። እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለውን ግድብ ነገ የምንቆጣጠረው እኛ ነን። እስካሁን ግን አንድም የዝቃጭ ግድብ በዓይኔ አላየሁም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለኩባንያ ፈቃድ ስትሰጡና ስታድሱ፣ በየዓመቱ ተማሪ ተቀብሎ በሥራው ቦታ እንዲያሠለጥን ግዴታው ይሁን። ሄልሜቱንና የደህንነት ጫማውን ማን ያቀርባል፣ ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል የሚለውም በጽሑፍ ይቀመጥ። «ኃላፊነት አንወስድም» የሚለው መልስ የሚመጣው ይህ ግልጽ ስላልሆነ ይመስለኛል። ሴት ተማሪ በሴትነቷ ከበር እንዳትመለስም ይጻፍ።

የግንባታ ድንጋይና የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ በአብዛኛው የክልል ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ከክልሉ ጋር ተነጋገሩልን። አዳማ ዙሪያ ያሉት ካባዎች ወርቅ ባይወጣባቸውም የእርከን፣ የግድግዳ፣ የቁፋሮና የጭነት ትምህርት በሙሉ እዚያ አለ። ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የመለኪያ መሣሪያ ይዘን እንግባ፤ ግድግዳውን እንለካ፤ ያገኘነውን እዚያው ለሚቆፍሩት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳ። እኛ መለካት እንለምዳለን፤ እነሱ ከላይ ወደ ታች መቆፈርን ያዩታል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፈቃድና የሚከታተል ሰው ነው።

ካባው ዛሬም ከሥር እየተቦረቦረ ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ ይጀምራል። ከዚያ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የማዕድን ምህንድስና ተማሪ፣ አዳማ