የሱፍ ልብሶቹን ከብል ስለማዳን

ውድ አባላት፣

የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የሳስካችዋን ብርድ ሳይገባ የቀደሙት ሰፋሪዎች የሱፍ ልብሶች፣ ብሉ በቅዝቃዜ እንዲሞት፣ ፍሪዘር ይግቡ። ብል ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ ስለሚወድ አንገትጌውንና ብብቱን አስቀድማችሁ መርምሩ። እያንዳንዱን ልብስ አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፤ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉ። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቢያንስ 1 ሳምንት ይቆይ። ፍሪዘሩን አታጭቁት፤ መሃል ያለው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል።

ሲወጣ ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ ጤዛው ከውጭ ይቅር እንጂ ልብሱን አያርጥብ። አደራ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ! የውጭው ብርድ ይበቃል ብላችሁም ጎተራ ውስጥ አትተዉት፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ቅዝቃዜ ብሉን ያላምደዋል። የመስታወት ኔጋቲቮች (በመስታወት ላይ የተነሱ የድሮ ፎቶዎች) እና የዘይት ቀለም ሥዕሎች ግን ፈጽሞ ፍሪዘር አይግቡ።