እማዬ፣ ፎጣውን ከቀዳዳው አውጪው

እማዬ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወሬያችን ሊያልቅ ሲል ስለ ሞተርሆማችሁ፣ ስለዚያ መኝታና ምድጃ ስላለው መኪና፣ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት አንዲት ነገር ናት የከነከነችኝ። «ከወለሉ ቀዳዳ ብርድ እየገባ ሲያስቸግረን አሮጌ ፎጣ ቀድጄ ወተፍኩት፣ አሁን ሞቅ ብሎናል» አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል አባዬ ከኋላ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ፣ ነገሩም እንዲሁ ታለፈ። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ረጅም ነው፣ መነጽርሽን አድርጊ።

ከሁሉ በፊት ፎጣውን አውጪው። አሁኑኑ። ደብዳቤው የትም አይሄድም።

አወጣሽው? እሺ። «ማሞቂያው የራሱ ጭስ ማውጫ አለው፣ ቀዳዳው ምን ያደርጋል?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለ ማሞቂያው ልክ ነሽ። የሚያነድበትን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይተፋል፣ እናንተ ከምትተነፍሱት ጋር አይገናኝም። ቀዳዳው ግን ለእሱ አይደለም የተሠራው። የሲሊንደራችሁ ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ከአንዱ መጋጠሚያ ቢያፈተልክ እንደ ጭስ ሽቅብ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። በዚያ ቀዳዳ ወርዶ እንዲወጣ ነው የታሰበው። እናንተ አልጋው ላይ፣ እሱ ከአልጋው ሥር፣ መውጫው ደግሞ በፎጣ ተወትፎ፣ ጠዋት ተነስተሽ ምድጃ ልትለኩሺ ክብሪት ስትጭሪ እያየሁሽ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ለእግራችሁ ብርድ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ቀዳዳው ላይ ግን አይረፍ። ካልሲም ደርቡ።

ሌላው ምድጃው ነው። አባዬ አንዳንዴ ማታ ማታ ምድጃውን ለኩሶ ቤቱን ያሞቃል ብለሽኝ ነበር። ይሄ ይቅር፣ እባክሽ። ምድጃው የሚያነደው የእናንተኑ አየር ነው፣ አየሩ ሲያንሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ሰው ጉንፋን መስሎት ተኝቶ ይቀራል። ጣሪያው ሥር ያለው ነጭ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሌሊት እየጮኸ አስቸገረኝ ብለሽ ባትሪውን አውጥተሽው ከሆነ (አውቅሻለሁ!) አዲስ ባትሪ ግዢለት። ጀርባው ላይ የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፣ ካለፈ ይለወጥ። በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ ከመለኮሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወጥተሽ የጭስ ማውጫውን አፍ እዪው። ተሸፍኖ ከሆነ በእጅሽ ጥረጊው።

አሁን ወደ ሙቅ ውሃው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ለጋዝ ቁጠባ ብለሽ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብሽን ስሰማ ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን ሠራሁት። የእናንተ ትሩማ ኮምቢ፣ ቤቱንም ውሃውንም የሚያሞቀው ዕቃ፣ ቦይለሩ (የውሃ ጋኑ) የሚይዘው 10 ሊትር ነው። ይህን ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ወደ ጋዝ ሲመነዘር 50 ግራም ቢሆን ነው። ያው ዕቃ ቤቱን ሲያሞቅ ግን በትንሹ ሲነድ በሰዓት 160 ግራም፣ በሙሉ ኃይሉ ሲነድ እስከ 320 ግራም ይበላል። ማለት፣ አንቺ ስትንቀጠቀጪ ታጥበሽ ያተረፍሻትን ጋዝ ማሞቂያው በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨርሷታል። ባለ 11 ኪሎው ሲሊንደር ሳያቋርጥ በሙሉ ኃይል ከነደደ 34 ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። ጋዙ የሚያልቀው እዚያ ነው፣ ገላሽ ላይ አይደለም።

መቆጠብ ካማረሽ ከፊት መስታወቱ ጀምሪ። የመኝታው ክፍል መስኮቶች ድርብ ናቸው፣ የሹፌሩ ክፍል መስታወት ግን ነጠላ ስለሆነ ሙቀቱ በእሱ በኩል ነው የሚያመልጠው። ያን ከመቀመጫው ኋላ አጣጥፋችሁ የረሳችሁትን የመስታወት መሸፈኛ አውጡትና ማታ ማታ ይሰቀል። ከሹፌሩ ክፍል በስተኋላ መጋረጃ ጣሉ። ስትተኙ ሙቀቱን ወደ 15 ወይም 16 ዝቅ አድርጊና ብርድ ልብስ ጨምሩ። ጨርሰሽ ግን አታጥፊው፣ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ስለ ሻወሩ ደግሞ፣ አባዬ ራሱ ላይ ሳሙና እንዳለ ውሃው ቀዘቀዘብኝ ብሎ የጮኸ ዕለት ቦይለሩ ምንም አልሆነም ነበር። 10 ሊትር የ60 ዲግሪ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ ሲስማማ 18 ሊትር ገደማ ቢወጣው ነው። ሻወሩ በደቂቃ 6 ሊትር ቢያፈስ ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ያስባል። ገላን አርጥቦ መዝጋት፣ ሳሙናውን ተቀብቶ መጨረስ፣ ከዚያ ከፍቶ መለቃለቅ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ለሁለታችሁም ይተርፋል። ካለቀ 20 ደቂቃ ገደማ ጠብቂው፣ መልሶ ይሞቃል።

60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣልና ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመሽ ክፈቺ። «ታዲያ ለምን 40 ላይ አልተወውም?» ካልሽ፣ ለአንድ ቀን ምንም አይደለም። ግን ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ አለ፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይመቸዋል። 60 ላይ ይሞታል። ቦይለሩን ቶሎ ቶሎ እስከ 60 አድርሺው፣ ቆሞ የከረመ ውሃ ደግሞ ይደፋ።

ኤሌክትሪክ ያለበት ማቆሚያ ስታድሩ ጋዙን ማሳረፍ ይቻላል፣ ያው ዕቃ በመብራትም ይሠራል። ሁለት ደረጃ አለው፣ 900 ዋትና 1800 ዋት። የመጀመሪያው 4 አምፔር፣ ሁለተኛው 8 አምፔር ገደማ ይስባል። ማቆሚያው የሚሰጣችሁ 6 አምፔር ከሆነና 1800 ላይ ካደረግሽው ብሬከሩ ይወርዳል። ያን ዕለት «የሰፈሩን መብራት አጠፋንባቸው» ብለሽ የሳቅሽው ይሄው ነው። ማራዘሚያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ተጠቅልሎ እንዳለ ከባድ ጭነት ከተሸከመ ይግላል።

አሁን ያ «ቦይለሩ ተበሳ» ያልሽኝ ጉዳይ። አልተበሳም እማዬ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ቦይለርም ሆነ ቱቦ ይህን አይችልም። ስለዚህ ከቦይለሩ አጠገብ አንድ ቫልቭ አለ፣ እዚያ ያለው ሙቀት ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ይከፍትና ውሃውን ከመኪናው ሥር ያፈሰዋል። ያን ሌሊት ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ነበር የተኛችሁት፣ አይደል? በቃ ሥራውን ሠራ። ፓምፑ ሳይጠፋ ስላደረ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ያለውንም እየገፋ አብሮ አራገፈው። ስለዚህ ስትተኙ ፓምፑ ይጥፋ፣ ማሞቂያው ይብራ።

ከተከፈተ በኋላ አትታገዪው። 7 ዲግሪ ካላለፈ አይዘጋም፣ ግድ ብትዪው ትሰብሪዋለሽ። አንዳንዱ ሰው በልብስ መቆንጠጫ አፍኖ ያሳድረዋል አሉ፣ አባዬ ይህን ሐሳብ እንዳይሰማ። መጀመሪያ ቤቱን አሙቂ። ቦይለሩ ባዶ ቢሆንም ማሞቂያው ቤት ማሞቅ ይችላል፣ ምንም አይሆንም። ቤቱ ሲሞቅ ቫልቩን ዝጊ፣ ፓምፑን አብሪ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተሽ ጠብቂ። መጀመሪያ አየር እየተፋ ያስላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሲፈስ ሞልቷል ማለት ነው።

ጋዙ ራሱም ሊያታልልሽ ይችላል። የዛሬ ጥቂት ዓመት የጓደኛዬን ሞተርሆም ተውሼ ወጥቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብርድ ቀሰቀሰኝ። ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ ይልና ይተወዋል፣ ጠቅ ጠቅ ይልና ይተወዋል። ጋዙ አልቋል ብዬ በፒጃማ ወጣሁ፣ ሲሊንደሩን ስነቀንቀው ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ግማሽ ያህል አለው! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማሞቂያውን ስሰድበው ቆየሁ። ለካ የሞላሁት ቡቴን ኖሯል። ቡቴን ከዜሮ በታች ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል፣ ወደ ጋዝነት አይለወጥም። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ለክረምት ስትገዙ «ፕሮፔን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ሲሊንደሩን ደግሞ በምንም ዓይነት እሳት ለማሞቅ እንዳትሞክሩ።

ግድግዳው ያልበዋል፣ ከፍራሹ ጀርባ ሻጋታ አየሁ ያልሽውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያው እርጥበት ነው። ምድጃው ደግሞ ከምታስቢው በላይ ይጨምርበታል፣ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ማሞቂያው ይህን ወደ ውጭ ይተፋዋል፣ ምድጃው ግን እዚያው ይተውላችኋል። የጣሪያውን መስኮት ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍታችሁ እደሩ። ብርድ አስገብቶ ማሞቅ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን እርጥበቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ፍራሹንም ቀን ቀን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጊው።

ባትሪውን ደግሞ አትርሺ። በጋዝ ቢሠራም ማራገቢያውና መቆጣጠሪያው የሚንቀሳቀሱት በ12 ቮልት ነው። ባትሪው ከደከመ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖም ትበርዳላችሁ።

ለረጅም ጊዜ የምታቆሙት ዕለት ውሃውን በሙሉ አራግፉት። ፓምፑን አጥፊ፣ ቫልቩን ክፈቺ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቺና እጀታቸውን መሐል ላይ ተያቸው፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም በአንድ ላይ አየር እንዲያገኝ። የሻወሩን ራስ ወለል ላይ አውርጂው። ብዙ ሰው ቦይለሩን አራግፎ ሻወሩን ይረሳል፣ ውስጡ የቀረችው ጭላጭ ናት በረዶ ሆና እጀታውን የምትሰነጥቀው።

አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ይህን ሁሉ ድሮ አባዬ በእጁ ያውቀው ነበር። አሁን የትኛው ቁልፍ የቱ እንደሆነ እንደሚጠፋበት፣ አንቺም እንዳያፍር ብለሽ ዝም ብለሽ እንደያዝሽው ገብቶኛል። ለእኔ መንገር ትችያለሽ። ለእሱ አልናገርም። ቅዳሜ ወዳላችሁበት እመጣለሁ፣ በየቁልፉ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን፣ «ለእኔ እንዳይጠፋኝ ነው» እለዋለሁ። ሚዛንም ይዤ እመጣለሁ፣ ሲሊንደሩን መዝነን ባዶ ክብደቱን ስንቀንስ ስንት ኪሎ እንደቀራችሁ ይታወቃል፣ መነቅነቁ ይቅርብን።

እስከዚያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የፎጣውን ሳይሆን የቀዳዳውን።

የምወድሽ ልጅሽ