ባሕረ ሐሳብ ያላየ መርሐ ግብር፦ ስለ 8 ቀን የሰሜን ጉብኝት የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከመጋቢት 10 እስከ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜን ጉብኝት ላይ ቅሬታ ስለማቅረብና ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ድርጅትዎ ባዘጋጀው የ8 ቀን ጉብኝት 14 ሰዎች ተሳትፈናል። እያንዳንዳችን 9,800 ብር፣ በድምሩ 137,200 ብር፣ ከጉዞው ሦስት ሳምንት አስቀድመን ከፍለናል። ሾፌሩ ጠንቃቃ፣ የተጓዝንበት ኮስተር አውቶቡስም ደህና ነበር፤ በእነሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ቢሮ ተቀምጦ በተጻፈው መርሐ ግብር ላይ ነው። መርሐ ግብሩን የጻፈው ሰው ካርታ አይቷል፤ የጾምና የበዓላት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ ግን አላየም። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 እንደሚውል፣ ስለዚህም ጉዞው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዐቢይ ጾም ውስጥ እንደሚወድቅ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የላሊበላው ስለሆነ ከእሱ እንነሳለን። መርሐ ግብሩ ለረቡዕ መጋቢት 16 ጠዋት የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ይዟል። በሌላ ወር ቢሆን ጥድፊያ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በዐቢይ ጾም ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ የሚወጣውም 9 ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ነው። በጠዋት የሚቀደሰው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ቅዳሴ ገብቶ ሳለ ጎብኚ ግድግዳ እያየ፣ ካሜራ እያንቀጫቀጨ አይዞርም፤ መዞርም የለበትም። ቀሳውስቱም ሆኑ የአካባቢው አስጎብኚዎች ውጭ ጠብቁ ማለታቸው ትክክል ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በጥርጊያ መንገድ የሚደረስበት በመሆኑ ደርሶ መልሱ ብቻ ሦስት ሰዓት ወሰደ። ስንመለስ ቅዳሴው ተጀምሯል። ከ9 ሰዓት በኋላ የቀረን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለ11 ቢካፈል ለአንዱ 13 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ያውም ጫማ ማውለቁ፣ ጫማ ጠባቂውን መፈለጉና መልሶ ማሰሩ ተጨምሮ። የገባነው ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ብቻ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአለቱ ጫፍ ቆመን አየነው፤ በቦዩ ወርደን በሩ ላይ ስንደርስ ተዘግቷል። የሐሙሱ በረራ ጠዋት ስለነበር በማግሥቱ ማካካስም አልተቻለም።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቀን ይገለብጠው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሰሜኑ ምድብ ይጀመራል፦ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ደብረ ሲና፣ ጎልጎታ። እነዚህ ተያይዘው ስለሚገኙ በሦስት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ረጋ ተብሎ ይታያሉ። ቅዳሴው ሲገባ ማስቀደስ የፈለገ ያስቀድሳል፣ ያልፈለገ ሆቴል ሄዶ ያርፋል። ከ9 ሰዓት በኋላ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አማኑኤልና አባ ሊባኖስ፤ እዚህ ምድብ ውስጥ ድቅድቅ ያለ ዋሻ ስላለ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ማንም ግን ያዙ አላለንም። መጨረሻ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ። ይምርሐነ ክርስቶስ የራሱ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ የተገነባ፣ ከላሊበላዎቹም የሚቀድም ነው፤ ለመንገድ ማሞቂያ ተብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ቀን መጨመር ካልተቻለ ከመርሐ ግብሩ ማውጣት ይሻላል። (ምንጣፉ ላይ ስላለው ቁንጫም አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጻፍ ድርጅቱን አያከስርም። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት ይበቃል።)

ሁለተኛው ጉዳይ የሴቶች ነው። ከ14ታችን 8ቱ ሴቶች እንደሆንን የሞላነው ቅጽ ላይ ተጽፏል። ለዓርብ መጋቢት 11 በጣና የተያዙት ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ናቸው። ክብራንና ዳጋ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አይገባባቸውም፣ ይህም ዛሬ የወጣ ሥርዓት አይደለም። ላሊበላ ላይ ቤተ ጎልጎታም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱን እናከብራለን። የምንቃወመው ሥርዓቱ እየታወቀ ለሴቶች ያንኑ ገንዘብ አስከፍሎ፣ ሳይነገራቸው፣ ክብራን ዳርቻ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ማስቀመጥን ነው። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ታስገባለች። ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ጀልባ ሁለቱንም ማድረስ ይቻል ነበር፤ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሰጡት ምክርም ይኸው ነው።

የጣናው ሰዓት ደግሞ ከሒሳብ ጋር ተጣልቷል። መነሻ 2፡30፣ አራት ገዳማት፣ 7፡00 ምሳ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጢስ ዓባይ ይላል። ከባሕር ዳር ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስካለበት ዘጌ በተለመደው የሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዳጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ናርጋም አጠገቡ ባለው በደቅ ደሴት ላይ ነው። ዳጋ ደርሶ መመለስ ብቻ ስድስት ሰዓት ከሆነ አራት ገዳም በአራት ሰዓት ተኩል ከየት ይመጣል? ዳጋና ናርጋ የሙሉ ቀን ጉዞ ናቸው፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተነስቶ፣ ስንቅ ተይዞ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ስለሚያንገላታ መልሱ አይዘገይም። እኛ ሁለቱንም አላየንም፤ የጀልባ ጭማሪ ግን ተከፍሎባቸዋል። ስለ ነፋስ ካነሳን፣ ለ14 ሰው የቀረበው የሕይወት አድን ጃኬት 9 ብቻ ነበር። ይህ ከገንዘብ በላይ ነው፤ ለብቻው ምላሽ እንጠብቅበታለን።

ጢስ ዓባይ። ብሮሹሩ ላይ ያለው ፎቶ አለቱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ቡናማ ጎርፍ ነው፤ ክረምት ወይም መስከረም ላይ የተነሳ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። መጋቢት ላይ የሚታየው ቀጭን ፈትል ነው። ምክንያቱም በጋ መሆኑ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ መውጫው ላይ ባለው የጨረጨራ ግድብ ይገደባል። የሚለቀቀውን ደግሞ ከፏፏቴው አናት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ይጠልፉታል፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1993 ሥራ የጀመሩ ናቸው። ከ2002 ወዲህ የጣና በለስ ማመንጫ በምዕራብ በኩል ከሐይቁ በቀጥታ ስለሚወስድ ወደ ፏፏቴው የሚደርሰው ይበልጥ አንሷል። መብራት ያስፈልጋል፣ አልተጣላንም። ነገር ግን በጋ ላይ ጢስ ዓባይን የሚሸጥ ድርጅት «ውሃው ትንሽ ነው፤ የምትሄዱት ለገደሉና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ለተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው» ብሎ መናገር አለበት። ያኔ ሰው መርጦ ይሄዳል፣ ወይም ያንን ግማሽ ቀን ለጣና ይተወዋል።

የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ፎቶም የዚሁ ፎቶ ወንድም ነው። ብሮሹሩ ላይ በውሃ ተሞልቶ ሕዝብ ይዋኝበታል። የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ መጋቢት ላይ ደረቅ ገንዳ ነው። ፎቶው ሥር «ጥምቀት» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በተረፈ የጎንደሩ ቀን መልካም ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተረጋግተን አይተናል፣ የቤተ መንግሥቱ ግቢም በቂ ሰዓት ተሰጥቶታል።

ስለ ስሜን ተራሮች የተጻፈው «ሰኞ፦ ራስ ዳሸን ወጥቶ መመለስ፣ ማታ ጎንደር» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ራስ ዳሸንን እንደ እንጦጦ ሳያስበው አይቀርም። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ተራራ ከሳንቃ በር በእግር ሲኬድ በግጭ፣ በጨነቅና በአምቢቆ እያደሩ በአራተኛው ቀን የሚወጣ ነው። መመለሻው ሌላ ነው። ደባርቅ ላይ ስካውቱ (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ሲነገረው ፈገግ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ያም ሆኖ ቀኑን ማዳን ይቻል ነበር፤ በመኪና እስከ ጨነቅ ዘልቆ ዋልያ ለማየት ጠዋቱ ይበቃል። ለዚያ ግን ነዳጅ አልተበጀተም ተብለን ሳንቃ በር ዙሪያ ጭላዳ አይተን ተመለስን። ጭላዳው አላሳፈረንም፣ መቶዎቹ ሣር ሲነጩ ማየት የሚሰለች አይደለም። ሆኖም የተከፈለው ለራስ ዳሸን ነው። 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ ለሚታደር ሌሊት የተከራየነው ስሊፒንግ ባግም ለላንጋኖ የሚሆን ስስ ነገር ነበር። በጋ ስሜን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚያድርበት፣ ሌሊቱም ውርጭ የሚሆንበት ወቅት ነው። ፍራሽና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያስፈልግ ነበር።

መንገዱን በአጭሩ። የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ በደብረ ሊባኖስ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ነው፤ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት አለ። 11 ሰዓት ትደርሳላችሁ ተብሎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገባን፤ ደብረ ሊባኖስም በ40 ደቂቃ ታለፈ። ደብረ ማርቆስ ማደር ነበረበት። ከጎንደር ላሊበላም «5 ሰዓት ይፈጃል» ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከወረታ እስከ ጋሸና አስፋልት ቢሆንም ጥምዝምዝ ተራራ ነው፤ ከጋሸና በኋላ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ጠጠር ነበር። ሾፌሩ ቸኩሎ ሰዓቱን አላሟላም፤ ስላልቸኮለ እናመሰግነዋለን።

የምግቡ ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ከ14ቱ 9ኙ ጾመኞች መሆናቸው ቅጹ ላይ ተመዝግቧል። ጿሚዎቹ በአዘቦት ቀን እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም፤ ምሳ ግን በየቀኑ 6፡30 ላይ ታዝዞ፣ ቀዝቅዞ፣ ሒሳቡ ይከፈል ነበር። ስሜን ላይ ወጥ ቤቱ ይዞት የወጣው እንቁላል፣ ቅቤና ፓስታ በሥጋ ነው። ከካምፕ ወርዶ ሽሮ መግዛት አይቻልምና ጾመኞቹ ሁለት ቀን በዳቦ፣ በሻይና በሙዝ አለፉ። ባሕር ዳር ላይ «ጾም» ተብሎ ዓሣ ቀረበ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ግን አይበሉም፣ ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ድርጅትዎ በላከልን የዋጋ ዝርዝር መሠረት ለዳጋና ናርጋ የጀልባ ጭማሪ 450 ብር፣ ለራስ ዳሸን 600 ብር፣ ለላሊበላ የሙሉ ጉብኝት አስጎብኚ 200 ብር፣ ለስሊፒንግ ባግ ኪራይ 150 ብር፣ በሰው 1,400 ብር፣ ለ14 ሰው 19,600 ብር እንዲመለስ። ሆቴሉን፣ ትራንስፖርቱን፣ በረራውንና ጎንደርን አልነካንም፤ የተሰጠንን አንክድም። ከገንዘቡ ጋር ስለ ሕይወት አድን ጃኬቶቹ የጽሑፍ ማብራሪያ እንፈልጋለን፤ ጀልባውን የተከራየው ድርጅትዎ ስለሆነ ቆጥሮ መሳፈር የእሱ ግዴታ ነው። መርሐ ግብሩም ለሚቀጥለው ቡድን ከመሸጡ በፊት እንዲታረም እንጠይቃለን። በተለይ የሴቶች መግቢያ ክልከላና የጾም ቅዳሴ ሰዓት ፊት ለፊት ይጻፍ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ካልደረሰን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ እናቀርባለን፤ የፈቃዱን ጉዳይ በሚመለከትም ለባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር እናሳውቃለን። የመርሐ ግብሩ ኮፒ፣ የዋጋ ዝርዝሩ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ፣ የሞላነው ቅጽና የጀልባው ፎቶ 11 ገጽ ሆነው ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
የጉዞው 14 ተሳታፊዎች
(ስምና ፊርማ በአባሪው ላይ ተመልክቷል)