ከቅባቱ በፊት ውሃው

ጅማ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

የኔ ውድ፣

እንዴት ነሽ? ሕፃኗስ? ባለቤትሽስ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ብዙ ጊዜ ጠፋፋን። የማን ጥፋት ነው ብለን አንካሰስ። ኑሮ ነው፣ ሥራ ነው፣ ልጅ ነው። ከሐሳቤ ግን ወጥተሽ አታውቂም። ሐሙስ ለት ሄርማታ ገበያ እናትሽን አገኘኋቸው። አገላብጠው ሳሙኝና ወዲያው ያንቺን ወሬ ጀመሩልኝ። ልጅሽ አራት ወር እንደሞላት፣ ጡት ጠግባ እንደምታድር፣ መልኳ አንቺን እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፀጉሯ እየረገፈ ነው፤ ልላጨው ትላለች» አሉኝ። ቅቤ ሊልኩልሽ እየመረጡ ነበር። ይኸው እኔም ማታውኑ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አትደንግጪ። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ፀጉርን ይዞ ያቆየዋል። በየቀኑ መርገፍ የነበረበት ሳይረግፍ ይሰነብታል። ነፍሰ ጡር ሴት ፀጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያምረው ለዚህ ነው። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ያ ሁሉ የዘገየ ፀጉር ባንድ ጊዜ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ውስጥ ይጀምራል። ብዙ እናቶች ደግሞ ልጃቸው ዓመት ሲሞላው ፀጉራቸው ይመለስላቸዋል። ያልወለደ ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ስለዚህ ማበጠሪያው ላይ ያየሽው ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ሥሩ አለ። መላጨት አይጎዳሽም፣ ግን ምንም አይጨምርልሽም። ምላጭ ሥሩ ጋ አይደርስም።

ሁለት ነገር ግን በርቺበት። አንደኛው የልጅሽ ጣት ነው። በዚህ ጊዜ የሚረግፍ የእናት ፀጉር የሕፃን የእጅ ወይም የእግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊዘጋ ይችላል። ካልሲ ውስጥ ከገባ አይታይም። ልብስ ስትቀይሪላት ጣቶቿን አንድ በአንድ እያቸው። ያለ ምክንያት ስታለቅስብሽም እያቸው። ሁለተኛው ያንቺ ደም ነው። ከፀጉሩ ጋር ድካም፣ ማዞር፣ ልብ መምታት ካለብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ማነስ ተመርመሪ። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት የብረት እጥረት ሊኖርባት ይችላል። የብረት እጥረት ደግሞ ፀጉር ያራግፋል። ይኼን በቅባት አትመልሺውም።

አሁን ወደ ቅባቱ። ስለ ፀጉር ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ደረቅ ፀጉር ያየ ሁሉ «ቅባት አንሶት ነው» ይላል። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ግን ውሃ ነው። የቅባት ሥራ ያ ውሃ ቶሎ እንዳይተን መክደን ነው። እንደኛ ዓይነት ከርዳዳ ፀጉር ላይ የራስ ቆዳ የሚያወጣው ወዝ በጥምዝምዙ ወርዶ ጫፍ አይደርስም። ለዚህ ነው ሥሩ ወዛም ሆኖ ጫፉ የሚሰበረው። ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ብትደራርቢ ድርቀቱን ዘጋሽበት ማለት ነው። ፀጉሩ ረጠብ ሲል ትንሽ ቅባት ስትቀቢው ግን ቀኑን ሙሉ ይለሰልሳል።

ያንቺ ነገር ደግሞ ከውሃው ይጀምራል። የድሬ ውሃ ከባድ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ውስጡን እዪው፤ ነጭ ቅርፊት ይዞ የለም? ያ ካልሲየም ነው። ፀጉርሽ ላይም ይቀመጣል። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ይላል፣ ፀጉሩ ታጥቦም ሻካራ ይሆናል። እኛ እዚህ ይኼን ችግር አናውቀውም። ሐምሌ ነው፤ ጣሪያው ሌሊቱን ሲንኳኳ አድሮ በርሜሉ ሞልቷል። ልጅ ሳለን እናቶቻችን ፀጉራችንን በዝናብ ውሃ የሚያጥቡን በብልሃት ነበር። የዝናብ ውሃ ያ ካልሲየም ስለሌለው ሳሙናው ቶሎ አረፋ ይሰጣል፣ ቶሎም ይለቃል። ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ አይቀዱም ነበር፤ ቆርቆሮው እስኪታጠብ ይጠብቁ ነበር። ስንት ነገር ያውቁ ነበር!

አንቺ እዚያ የዝናብ ውሃ እንደልብ አታገኚም። ስለዚህ የመታጠቢያውን ውሃ ማታ አፍልተሽ አሳድሪው። ሲፈላ ከካልሲየሙ ብዙው ይለይና ከሥር ይዘቅጣል። ጠዋት ከላይ ከላዩ ቀድተሽ ታጠቢበት። መጨረሻ ላይ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ ፀጉርሽ ላይ አፍስሺውና በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ዓይንሽን ጨፍኚ። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ከዘይት ሁሉ በፊት ይኼን ሞክሪልኝ። ለውጡን ወዲያው በእጅሽ ታውቂዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

እዚያው ድሬ ደግሞ እኛ የማናገኘው ነገር አለሽ። ሶማሌዎቹ ቀሲል የሚሉት አረንጓዴ ዱቄት። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ ተፈጭቶ ነው። ቅጠሉ ውስጥ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ንጥረ ነገር አለው። በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ራስሽን እሺበትና በደንብ አለቅልቂው። ዱቄቱ እንዳይቀር በወንፊት ንፊው። ፀጉር ያጸዳል ከሚባለው ነገር ሁሉ እኔ ይኼን እመርጣለሁ። የሚሸጡትን ሴቶች ብትጠይቂ አጠቃቀሙን ከኔ የተሻለ ያሳዩሻል።

ቅቤው ይደርስሻል። ለጋ ነው፣ አሽትተው ነው የመረጡት። ሌላ ቅባት የሚቀላቅል ሻጭ ስላለ እናትሽ እንዲህ ቶሎ አያምኑም። ቅቤን የሚንቁ ልጆች ያናድዱኛል። ውጭ አገር በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ሲሆን ይሯሯጡለታል፣ ከእናታቸው ጓዳ ሲመጣ ያፍሩበታል። ግን ቅቤም ልክ አለው። ፀጉሩን አጥበሽ ገና እርጥብ ሳለ ከመካከሉ ወደ ጫፉ ቀቢው። የራስ ቆዳሽ ላይ አታብዢው። ፎረፎር ካለብሽ ደግሞ ጭራሽ ቆዳው ጋ አታድርሺው። ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ፈንገስ የሚኖረው የራስ ቆዳ ላይ ባለ ቅባት ነው፤ ስትጨምሪለት ይፋፋል። ሰዎች «ቆዳዬ ደረቀ» ብለው የሚቀቡት ብዙ ጊዜ ድርቀት ሳይሆን ፎረፎር ነው።

ድሮ ቅቤ ለሳምንት ይቆይ ነበር። በድሬ ሙቀት ይኼ አይሆንም። ቀልጦ ግንባርሽ ላይ ይወርዳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሽታውም ይለወጣል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሻሽ አስረሽበት እደሪ፣ ጠዋት በሻምፑ ሁለቴ እጠቢው። ትንሽ አደስ አድርቀሽ ደቁሰሽ ብትጨምሪበት መዓዛው ሌላ ነው። አማትሽም ደስ ይላቸዋል።

የጉሎ ዘይትን በተመለከተ ብርሽን ቆጥቢ። በየሱቁ «ፀጉር ያበቅላል» እየተባለ ይሸጣል። እንደሚያበቅል የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ጥሩ ቅባት ነው፣ ያበራል፣ ውሃ ይይዛል፤ በቃ። በጣም ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ከፈሰሰበት ፀጉርን ሊያቆላልፍ ይችላል። አንድ እጅ ጉሎ ከሦስት እጅ ቀለል ያለ ዘይት ጋር ቀላቅዪው፤ የወይራም ይሁን የሰሊጥ። ፍሬውን ግን ቤት እንዳታስገቢ። የጉሎ ፍሬ ከባድ መርዝ አለው። ያቺ ልጅ ነገ ትድሃለች።

ከዘይቶቹ ሁሉ አንድ ምረጪ ብትዪኝ የኮኮናት እልሻለሁ። ብዙ ዘይት ፀጉሩ ላይ ይቀራል። የኮኮናት ግን ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፤ ስትታጠቢ ፀጉሩ የሚያጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ስለዚህ ከመታጠብሽ በፊት ቀቢው፣ ትንሽ አቆዪው፣ ከዚያ ታጠቢ።

የጥብስ ቅጠልም ሰሞኑን የሁሉም አፍ ላይ ነው። ሥጋ የምንጠብስበት ያው ቅጠል! ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኢራን ጥናት በዘር የሚመጣ መመለጥ ያለባቸውን 100 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ የቅጠሉን ዘይት፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት 2 በመቶውን ተቀቡ። ከ6 ወር በኋላ ውጤታቸው ተቀራረበ። በ3ኛው ወር ግን ለውጥ አልታየም። ያንቺ መርገፍ ከዚህ የተለየ ነው። ቤት የምናዘጋጀውም ዘይት ከዚያኛው የቀለለ ነው። ቢሆንም እኔ እሠራዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ቅጠሉን ጥላ ላይ ፍጹም እስኪደርቅ አደርቀዋለሁ። እርጥበት ከቀረ ዘይቱ ይበላሻል። ከዚያ በወይራ ዘይት አጥልቄ ዕቃውን ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጬ በቀስታ እሳት ለአንድ ሰዓት ያህል አሞቀዋለሁ። ዘይቱ መፍላት የለበትም። ሲቀዘቅዝ አጥልዬ ጠቆር ባለ ጠርሙስ አስቀምጠዋለሁ። ማታ ማታ በጣት ጫፍ የራስ ቆዳን ማሸት ነው። በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ጠንካራውን ዘይት ግን እንዳለ አትቀቢ፤ ያቃጥላል። የሕፃኗ እጅና ፊት ጋም አይድረስ።

ለማበጠር ተልባ። ግማሽ ስኒ ተልባ በሁለት ስኒ ውሃ ቀቅዪው። እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ ሲጀምር ትኩሱን በስስ ጨርቅ አጥልዪው። ከቀዘቀዘ አይወርድም፣ ትቸገሪያለሽ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ድፊው። እርጥብ ፀጉር ላይ ቀብተሽ በጣትሽ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር እየፈታሽ ውጪ። ይኼ ብቻ ስንት ፀጉር ከመሰበር ያድናል። እሬት ካለሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ ቢጫው ፈሳሽ እስኪንጠባጠብ አቁሚው። እሱ ቆዳ ያሳክካል። የሚፈለገው ውስጡ ያለው ጥርት ያለው ነው።

ሂና ድሬ ሞልቷል። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀይ ቡናማ ቀለም ነው። «ጥቁር ሂና» ካሉሽ እምቢ በዪ። ጥቁር የሚያደርገው የተጨመረበት ኬሚካል ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለኝ። መሳሳቱን ለመደበቅ ብለሽ ሹሩባ አጥብቀሽ አትሠሪ። ሠሪዋ «ትንሽ ይመም፣ እንዲቆይ ነው» ትልሻለች። ያ ሕመም ሥሩ እየተጎተተ መሆኑን ነው የሚነግርሽ። ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ በየጊዜው ከተጎተተ የማይመለስበት ጊዜ ይመጣል። የወሊዱ ይመለሳል፣ ይኼኛው ላይመለስ ይችላል። ፒያስትራውንም ለጊዜው አስቀምጪው። ለዘብ ያለ ቁጥርጥር ይበቃሻል፣ ያምርብሻልም። እርጥብ ፀጉር ላይ ሻሽ አታጥብቂ። ማታ ሳቲን እሰሪ፤ ጥጥ ወዙን ይመጠዋል።

የትኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከጀመርሽው ደግሞ የቱ እንደተስማማሽ አታውቂም። አንዱን ያዢ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ በሳምንት ለውጥ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን ጻፊልኝ። የሳሳው ሁሉም ቦታ ነው ወይስ ከፊት ብቻ? ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ አለ? ቆዳው ይቆስላል፣ ይሰነጠቃል? ክብ ወይም ቁስል ካለ ቅባቱን ሁሉ ተዪና የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ከሌለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አብረን እናያለን። የልጅሽንም ፎቶ አብረሽ ላኪ። ስሟን እናትሽን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ካንቺ ልስማው ብዬ።

ሳሚያት።

አብሮ አደግሽ፣ ከጅማ