ጄኔቫ ላለችው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? ትናንት ወንድምሽ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከአገር ቤት እየደወሉ "የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤትሽ ሪፖርት ሳይወጣ አሳዪን፣ ለወገንሽ ካልሆንሽ ለማን ልትሆኚ ነው?" ይሉሻል አሉ። አንቺም "እስቲ አያለሁ" ብለሻቸዋል። ምኑን ነው የምታዪው? ከማንም ትእዛዝ አትቀበዪ። የአክስትሽ ባል ቢሆንም።

እዚሁ ኡፕሳላ ስታድጊ በዳግ ሐመርሾልድ መቃብር በኩል ስንቴ አልፈናል። የስዊድን 1000 ክሮነር የወረቀት ገንዘብ ላይ ያለው ሰውዬ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት የቢሮ ሰው ነበር። ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ገንዘብ ሚኒስቴር ትልቅ ወንበር ያዘ፣ የብሔራዊ ባንኩን ቦርድ መራ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ተዛወረ። እኔን የሚገርመኝ፣ በፈረንጆቹ 1951 ካቢኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ የማንም ፓርቲ አባል አልሆነም። በ1953 ኒውዮርክ ሲሾም ብዙዎቹ ድምፁ የማይሰማ ጸሐፊ ያገኙ መስሏቸው ነበር። በ1956 ግብጽን በወረሩበት በስዌዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ ብሪታንያንና ፈረንሳይን ፊት ለፊት ተቃወመ። በ1960 የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼፍ ሥልጣንህን ልቀቅ ሲለው ደግሞ፣ ለኃያላን ማጎንበስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ለሌሎቹ አገሮች ስል እቆያለሁ ብሎ በጉባኤው ፊት መለሰለት። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 100 ላይ ሠራተኛው ከየትኛውም መንግሥት መመሪያ አይቀበልም ይላል። አንቺም ሥራ ስትጀምሪ ቃል ገብተሻል።

አያትሽ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ኮንጎ የዘመቱት በእሱ ጊዜ ነው። ስታንሌቪል እያሉ አንድ ሰውዬ ፍየል እየጎተተ ካምፑ በር ድረስ መጣ። "እናንተ ጥቁሮች ናችሁ፣ የእኛ ናችሁ፣ ያንን ጎረቤቴን እሰሩልኝ" አላቸው። ሰውዬው አልሄድም ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፍየሏ የአጥሩን ሣር መጋጥ ጀመረች፣ ወታደሮቹም ሥጋ ካዩ ሰንብተው ነበርና ዓይናቸው እሷው ላይ ቀረ። አያትሽ ገመዱን ከእንጨቱ ፈትተው በእጁ አስያዙትና እስከ መንገዱ ሸኙት። በፈረንጆቹ መስከረም 1961 ሐመርሾልድ ከኮንጎ ለተገነጠለችው ለካታንጋ ተኩስ አቁም ሲሄድ አውሮፕላኑ ዛሬ ዛምቢያ በሆነችው ንዶላ አጠገብ ወደቀ። አብረውት የነበሩት 15 ሰዎችም አልቀሩም። በሬዲዮ የሰሙ ዕለት እህል አልቀመስኩም ይሉ ነበር አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቆረጥ ነበር፤ ታስታውሺ የለ?

የኔ እናት፣ እንደምኮራብሽ ታውቂያለሽ። በዘመድ ላይ መጨከን ከባድ እንደሆነም አይጠፋኝም። ቢሆንም ከማንም ትእዛዝ አትቀበዪ። ዛሬ ማታ ደውለሽ "አልችልም" በያቸው፣ ምክንያት አትደርድሪ። ነገ ጠዋት ለአለቃሽ እንደተደወለልሽ በጽሑፍ አሳውቂ። በግል ኢሜይልሽ አንዲት ገጽ እንዳታልፍ። ቢያለቅሱም፣ ቢቆጡም ከማንም ትእዛዝ አትቀበዪ።

ፓስፖርትሽ መቼ እንደሚያልቅ እዪ። እናትሽ የላከችውን በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፣ ውጭ አይቆይ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ ስልክሽን አንሺ።

አባትሽ