ፀሐይዋን ሳታዪ አትግዢ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ የበረንዳሽ አበቦች በሙሉ ደርቀዋል አለኝ። አንቺ ግን ባለፈው እሑድ ስጠይቅሽ «ደህና ናቸው አባዬ» ብለሽኝ ነበር። የተቀየምኩት በአበቦቹ መሞት አይደለም፤ «ደህና ናቸው» በምትለው ቃል ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

አሁን ሮጠሽ በደረቁት ፋንታ ሌላ እንዳትገዢ። ፀሐይዋን ሳታዪ አንድ ችግኝ እንኳ አትግዢ። ዕረፍት ባለሽ ቀን ወንበርሽን በረንዳው ላይ አውጪና ፀሐይዋ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ በስንት ሰዓት እንደምትሸሽ ጻፊ። ከፊል ጥላ የሚባለው በቀን ውስጥ ተደምሮ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ነው። የጠዋቷ ለስላሳ ናት፤ የከሰዓት በኋላዋ ግን ጥላ ወዳድ ቅጠል ታቃጥላለች። አንቺ የገዛሻቸው ጽጌረዳና ጄራኒየም ናቸው አሉ። እነሱ ፀሐይ ካልጠገቡ አንገታቸውን ወደ ብርሃኑ እያስረዘሙ ይቀጥናሉ እንጂ በወጉ አያብቡም። በረንዳሽ ከፊል ጥላ ከሆነ የሚስማሙት ፈርን፣ ቤጎኒያ፣ ፉሺያ፣ ኮሊየስ ናቸው። ኮሊየስ ያለ አበባ በቅጠሉ ቀለም ብቻ በረንዳ ያደምቃል። ዲፈንባኪያ ግን ልጅሽ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ እስከከተተች ድረስ ደጃፍሽ አይድረስ፤ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።

እናትሽ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ፈርኖቿን አደራ የሰጠችው ለእኔ ነበር። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ የምታስታውሺው ባዶዎቹን መትከያዎች ብቻ ነው። ብርሃን ይሻላቸዋል ብዬ ከግድግዳው ጥግ አውጥቼ የከሰዓት ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። ጫፋቸው ሲቃጠል ውሃ የጠማቸው መሰለኝና ጠዋት ማታ አጠጣሁ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ እንደ ራሰ ወረቀት በእጄ ውስጥ ተበጣጠሰ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር «ፈርኖቼስ?» ትለኛለች፤ እኔም «ደህና ናቸው» እላታለሁ። ወጥታ በረንዳው ላይ ስትቆም ምንም አልተናገረችም፤ መትከያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ደረደረቻቸው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በጊዜው እውነቱን ብነግራት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አልጋዋ ላይ ሆና ትነግረኝ ነበር፤ ግማሾቹም ይተርፉ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ፀሐይዋን ሳታዪ አትግዢ። ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው መትከያ ካለሽ ብሺው፤ ከታች ጠጠር መደርደር ቀዳዳን አይተካም። ከግቢ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ይጠቀጠቃል፣ ብስባሽ ቀላቅይበት። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃ አትጨምሪ። ዘነበ ብለሽም አትዘናጊ፣ ጣሪያ ያለው በረንዳ ዝናብ አያገኝም።

አንቺስ ትተኛለሽ? ወንድምሽ ከስታለች ብሎኛል። እሱንም በእሱ አፍ መስማት አልነበረብኝም።

በእጁ አንድ ትንሽ መትከያ ልኬልሻለሁ። ከእናትሽ ተክሎች ከእኔ እጅ የተረፈው ያ ባለ ነጭ መስመሩ ነው፣ ልጆቹን በቀጭን ዘንግ ጫፍ የሚያንጠለጥለው። አንዷን ቆርጬ ሥር አስይዤልሻለሁ። የከሰዓቷ ፀሐይ የማትደርስበት ጥግ አስቀምጫት። ይህችን እንኳ ቦታዋን ሳታዪ አታስቀምጪ። እሑድ ስደውል እንዴት እንደሆነች ትነግሪኛለሽ፤ ቅጠሏ ቢጫ ከሆነም ቢጫ ሆኗል በይኝ።

አባትሽ