ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፊደሌ እየሄደ እየሄደ ሲያንስ ብታዪ አትደንግጪ፤ እሱም ከያዘኝ ከፓርኪንሰን በሽታ ነው። ድምፄም ስለቀነሰ ነው በስልክ ያልነገርኩሽ።

ለፋሲካ መጥተሽ ስትመለሺ ለእናትሽ «አባዬን ምን አስቀየምኩት? ሳወራው ዝም ይለኛል፤ ጣና ዳር እንሂድ ስለው እንቢ ይለኛል» ብለሻታል። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንቺ ምንም አላስቀየምሽኝም። ደክሞኝ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ነበር ያለው። ሰውም እስከ ዛሬ እጄን ነው የሚያየው። እኔን የሚጥለኝ ግን ድካሙ ነው። ሲለፋ የዋለ ሰው ድካም እንዳይመስልሽ። ያኛው ተኝተሽ ስታድሪ ይለቅሻል። ይሄ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼም ጠዋት አብሮኝ ይነሳል።

ባለፈው እሁድ ሸሚዜን ስቆልፍ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆምኩ። እጄማ ያን ሰዓት ደህና ነበር። አራተኛውን የምቆልፍበት ጉልበት ነው ያጣሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እናትሽ አቦሉን ቀድታ ስትጠራኝ እሰማታለሁ፤ «መጣሁ» ማለት አቃተኝ። የደረስኩት ቶናው ላይ ነው።

ሐኪሙ የደም ማነስና ታይሮይድ አስመረመረኝ፤ ደህና ነው። እንቅልፌንም ጠየቀኝ፣ ሐዘን ተጭኖኝ እንደሆነም ጠየቀኝ። ከዚያ «ይሄ ከራሱ ከበሽታው ነው» አለኝ። ግማሽ ያህሉ ታማሚ ላይ አለ። አንዳንዱ ላይማ መንቀጥቀጡ ሳይጀምር ይመጣል። ይሄን ሲለኝ የመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ትዝ አሉኝ። ከክፍል ስወጣ ጠረጴዛ ላይ ድፍት እል ነበር። «ሰነፍክ» እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ ሰደብኩት!

ፊቴም እንደ ድሮው አይፈታልኝም። ደስ ብሎኝ እንኳን የተኮሳተርኩ ነው የምመስለው። እባክሽ ፊቴን አይተሽ አትፍረጂ።

ጥሩ ሰዓቴ የጠዋቱን ኪኒን ከዋጥኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ድካሙን ፈርቼ እንዳልተኛ፣ በየቀኑ ትንሽ እንድራመድ መክሮኛል። ሐይቁ ዳር ወርጄ የደንገል ታንኳዎቹን አይቼ እመለሳለሁ። ስትመጪ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን እንውረድ። ከሰዓት በኋላ ዝም ካልኩ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አንቺ አውሪልኝ።

ያን ቀን ያወራሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። አከራይሽ ኪራይ ልጨምር ማለቱንም። መልሴ ዘገየ እንጂ ይኸው፦ አዲሱን ውል ሳታሳዪኝ እንዳትፈርሚ።

አባትሽ፣ ከባሕር ዳር